የአርብ ጓደኞች ከአምቡሊ ሰማይ ሥር

የውብዳር ጅቡቲ የገባችው በ2001 መጨረሻ ነው። እዚህ የምንኖር ሰዎች ዓመት የምንቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ እኔም በዚያው ልቀጥል። ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ተነስታ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ መጣች። ጣቢያው ላይ የተቀበለቻት የአክስቷ ልጅ ኢትዮጵያ ናት። ኢትዮጵያ ቀድማ መጥታ ሰው ቤት ትሠራ ስለነበር ለየውብዳርም ቤት አላጣችላትም። ቤቱ አምቡሊ ነበር፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም አይርቅም። አሠሪዎቿ ሊሴ በሚባለው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ሲሆኑ ሁለት ልጆች አሏቸው። ማደሪያዋ ጓሮ፣ ልብስ ማስጫዋ ጣሪያው ላይ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንሶላ እያሰጣች ሳለ አንድ የጦር አውሮፕላን ከኋላዋ መጥቶ አናቷ ላይ አለፈ። አንሶላውን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ቤቱ የፈረሰ መስሎኝ ነበር» ትላለች ስታወራው። ወር ሳይሞላት ግን ድምፁን ስትሰማ የያዘችውን ሁሉ ትታ ወደ ጣሪያ የምትሮጥ ሆነች። ምን እንዳገኘችበት ጠይቄያት አውቃለሁ። «ያ ሁሉ ብረት እንዴት ብሎ ነው እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚወርደው? እሱን ማየት አይሰለቸኝም» አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጠችኝም፤ ያላትም አይመስለኝም።

ካሜራ የያዘችው በአጋጣሚ ነው። የትንሹ ልጅ ልደት ቀን ማዳም ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ እንዲነሳ ፈልጋ ካሜራውን ለእሷ ሰጠቻት፤ የቱ ጋ እንደሚጫንም አሳየቻት። በማግስቱ ካሜራው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ፊልሙ አላለቀም። ከውጭ ያ የለመደችው ድምፅ መጣ። ካሜራውን አንስታ በደረጃው ሮጠች።

ፊልሙን አሳጥባ እንድታመጣ ቡላኦስ ሰፈር የተላከችው ራሷ ነበረች። ፎቶ ቤቱ የከይረዲን ነው። ከይረዲን ድሬዳዋ ተወልዶ ጅቡቲ ያደገ፣ አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ በአንድ አፍ የሚያወራ ቀጭን ሰው ነው። ፎቶዎቹን ከፖስታው አውጥቶ አንዱን ለብቻው ለይቶ ያዘ።

«ይቺን ማን ነው ያነሳት?»

በኬኩና በልጆቹ ፎቶ መሀል አንድ ባለ አራት ማራገቢያ አሮጌ አውሮፕላን አለ። ሆዱ የተሰጡትን አንሶላዎች ሊነካ ምንም አልቀረውም።

የውብዳር ደነገጠች። «በስህተት ነው። እባክህ ወንድሜ፣ ለብቻዋ አስቀርልኝ፤ ማዳም እንዳታይብኝ።»

«በስህተት እንዲህ አይነሳም» አለ ከይረዲን። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ክምር ፎቶ አወጣ። «እንዳንቺ የታመመ አንድ ሰው አለ። ቆይ ላሳይሽ።»

ሁሉም የአውሮፕላን ጎማ ነው። መሬት ሲነካ የሚጨስ ጎማ፣ የቆመ ጎማ፣ በጥንድ በጥንድ የተደረደረ ጎማ።

«ሌላ ነገር አያነሳም?»

«የከባድ መኪና ሾፌር ነው» አለ ከይረዲን፤ ይህ ሁሉን ነገር የሚያስረዳ ይመስል።

ከኋላው ግድግዳ ላይ፣ በሙሽሮች ፎቶ መሀል፣ ፀሐይ ስትገባ የተነሳ የሌላ አውሮፕላን ፎቶ በትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል። የውብዳር ያንን አይታ የታመሙት ሁለት ሳይሆኑ ሦስት መሆናቸው ገባት።

ያን ዕለት ማታ ለማዳም ራሷ ተናገረች፤ የደበቀችው ነገር እንቅልፍ የሚነሳት ዓይነት ሴት ናት። ማዳም ፎቶውን አይታ ሳቀች፤ ለባሏም አሳየችው። ለገና በዓል አዲስ ካሜራ ስለገዙ አሮጌው የየውብዳር ሆነ።

ሾፌሩ አምባው ይባላል። በዚያን ጊዜ አርባውን ዘልሏል፤ ግዙፍ፣ ሆዱ የገፋ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ናዝሬት ሚስቱን ቀብሮ አንዲት ሴት ልጁን ሊሊን እህቱ ጋ ትቶ መንገድ ላይ ይኖራል ማለት ይቻላል። ተሳቢውን እየነዳ ከአዲስ አበባ ወደብ፣ ከወደብ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ጭነት እስኪደርሰው በሚጠብቅባቸው ቀናት ሌሎቹ ሾፌሮች ጥላ ሥር ካርታ ሲጫወቱ እሱ ካሜራውን አንጠልጥሎ አምቡሊ ይሄዳል። ከየውብዳር ጋር የተዋወቁት በአንድ አርብ፣ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ ፎቶ ቤቱ ብቅ ስትል ነው።

«አንሶላዋ አንቺ ነሽ?» አላት።

«አዎ። ጎማው እርስዎ ነዎት?»

«እርስዎ አትበይኝ እንጂ፤ ጎማ ለሚያነሳ ሰው አንተ ይበቃል።»

ከዚያ በኋላ «ጋሽ አምባው» እያለች ግን «አንተ» ትለው ጀመር።

ከዚያች ቀን ወዲያ አምባው ከተማው ውስጥ በሚሆንባቸው አርቦች ሦስቱ አብረው ይወጣሉ። መንደርደሪያው በምሥራቅ በኩል የሚያልቀው ባሕሩ አጠገብ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው እስከ ሩቅ ይገለጣል፤ ሸርጣኖች ይርመሰመሳሉ። በቀዝቃዛው ወራት ነፋሱ ከባሕር ስለሚመጣ አውሮፕላኖቹ ወደ ባሕሩ ይነሳሉ። በሙቀቱ ወራት ሐምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ከበረሃው ሲነፍስ ደግሞ በባሕሩ በኩል መጥተው ያርፋሉ። ይህን ያስተማራቸው ከይረዲን ነው። እሱ መነሳቱንም ማረፉንም ከቁም ነገር አይቆጥርም፤ የሚፈልገው ብርሃኑን ነው። አውሮፕላኑ የቱንም ያህል ቢያምር ፀሐይዋ ካልጣመችው ካሜራውን አያነሳም። አምባው በዚህ ይናደዳል። «ይሄ ሰው አውሮፕላን ሊያነሳ ነው ወይስ ፀሐይ ሊያገባ?» ይላል። የውብዳር ደግሞ አውሮፕላኑን ብቻውን ማንሳት አትወድም። ከሥሩ የሆነ ነገር መኖር አለበት፤ ጀልባ፣ አጥር፣ ፍየል፣ ሰው። በዚህ ሲከራከሩ ያለፋቸው አውሮፕላን ብዙ ነው።

ወሬ መነሳቱ አልቀረም። ካርቲዬ ዶ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት የአገራችን ልጆች የውብዳርን ከሁለት ወንዶች ጋር ወደ ባሕር ስትሄድ አይተው የሚሉትን አሉ። አንድ ቀን ኢትዮጵያ የውብዳር የምትሠራበት ቤት ድረስ መጥታ ተቆጣቻት። «አውሮፕላን ላነሳ ነው ብትይ ማን ያምንሻል? እኔ እንኳ አላመንኩሽም!» የውብዳር ሰምታ አዝና፣ በሚቀጥለው አርብ ቀረች። ከይረዲን ነገሩን ሲሰማ ለሚስቱ ለሰብሪና ነገራት። ሰብሪና ወፍራምና ቀጥተኛ ሴት ናት። ሳምንቱን ጠብቃ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ጠቅልላ፣ አምቡሊ ድረስ በሚኒባስ ሄዳ የማዳምን በር አንኳኳች። «ነይ ውጪ» አለቻት። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ከእንግዲህ የሚያወራ ሰው ካለ በእኔ ላይ ያውራ።»

ሰብሪና አውሮፕላን አትወድም ነበር። ጀርባዋን ሰጥታ ባሕር ስታይ ትቆያለች። ግን ጆሮዋ የተለየ ነው። ሌሎቹ ሰማዩን ሲያማትሩ እሷ ሳትዞር «የየመኑ መጣ» ትላለች፤ የየመኑ ይሆናል። እንዲህ ሆነው ሦስቱ አራት ሆኑ።

ነገሩ የተበላሸው በ2003 ነው። በዚያ ጊዜ ከየአገሩ የመጣ ጦር እየበዛ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ዙሪያ ጥበቃው ጠብቆ ነበር። በአንድ ማክሰኞ አምባው ብቻውን ሳለ፣ እስከዚያ ቀን አይቶት የማያውቀው ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን አረፈ። ቆይቶ እንደነገረን፣ ሄዶ ጎማውን መቁጠር ነበረበት። «ከእኔ ተሳቢ ይበልጥ እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ልተኛ?» አጥሩ ጋ ተጠግቶ ሲያነሳ ወታደሮች ያዙት። ቋንቋቸውን አያውቅም፤ እነሱም የእሱን አያውቁም። ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት።

ከይረዲን ወሬውን የሰማው ከአንድ ሾፌር ነው። ፎቶ ቤቱን ዘግቶ የሚሄድበትን ሲያጣ፣ የማዳም ቤት ሄዶ የውብዳርን አስጠራት። እሷ አላመነታችም። «ፎቶዎቹን ሁሉ ይዘን እንሂድ፤ የሦስታችንንም» አለች።

«አብደሻል? ማስረጃ ወስደን ልንሰጣቸው?»

«ምን እንደምናነሳ ካላዩ መጥፎ ነገር ነው የሚያስቡት። ቢያዩት ይሻላል።»

ለማዳም ነግራ፣ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። የሁሉንም ፎቶ በአንድ ሻንጣ ይዘው ጣቢያው ድረስ በእግር ሄዱ። የመኖሪያ ፈቃዷ ያልተሟላ ስለሆነ ጣቢያ ደጃፍ የምትደርሰው ሌላ ጊዜ ቢሆን ተገዳ ብቻ ነው።

መኮንኑ ሸምገል ያለ ሰው ነበር። አምባው ጥግ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከይረዲን በፈረንሳይኛ ሊያስረዳ ጀምሮ ተንተባተበ። የውብዳር ሻንጣውን ከፍታ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

መኮንኑ አንድ በአንድ እያነሳ አየ። «ለማን ነው የምትልኩት?» አለ። ከይረዲን ተረጎመላት።

«ለማንም።»

«ታዲያ ምን ታደርጉበታላችሁ?»

«እናየዋለን።»

«ከዚያስ?»

የውብዳር አምባውን በአገጯ አመለከተች። «ከዚያ እሱ የእኔን ያጣጥላል፤ እኔ የእሱን አጣጥላለሁ።»

ከይረዲን ይህን ሲተረጉም መኮንኑ ቀና ብሎ አያት። ወደ ፎቶዎቹ ተመልሶ ከእሷ ፎቶዎች አንዱን መዘዘና በጣቱ ነካው። «ይሄ ጭራው ለምን ተቆረጠ?»

አምባው ከጥጉ ቀና ብሎ ይከታተል ጀምሯል። የመኮንኑን ጣት አይቶ ግን ትርጉም አልጠበቀም። «እኔም የነገርኳት ይሄንኑ ነው!» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ። ጠባቂው ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠው። መኮንኑ ምን እንዳለ ጠየቀ፤ ከይረዲን ነገረው። ያኔ መኮንኑ ሳቀ። ረጅም ሳቅ አይደለም፤ ለእነሱ ግን በቃቸው።

አምባው ተለቀቀ። ፊልሙ ከካሜራው ወጥቶ እዚያው ፀሐይ ላይ ተዘረጋ፤ ካሜራውን መለሱለት። መኮንኑ ሲያሰናብታቸው አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃቸው። አጥሩ ጋ ዳግመኛ እንዳይታዩ፤ መሬት ላይ ያለ አውሮፕላንም ሆነ የጦር አውሮፕላን የትም ቢሆን እንዳያነሱ፤ የመንገደኛና የጭነቱን ግን ሰማይ ላይ ሳለ፣ ከባሕሩ ዳር ሆነው ቢያነሱ የሚከለክላቸው እንደሌለ። ውጭ እንደወጡ አምባው የየውብዳርን እጅ ያዘና ብዙ ጊዜ አልለቀቀውም። ጎማውን ቆጥሮ ሳይጨርስ መያዙን የነገራቸው ሚኒባስ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

ትእዛዙን አከበሩ። በጣም የከበደው ለአምባው ነው፤ የሚወደው ነገር ያለው መሬት ላይ ነዋ። የቀረችው አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ጎማው ወደ ሆዱ እስኪታጠፍ ያለችው አፍታ ብቻ ናት። ለእሷ ሲል ስንት ፊልም አቃጠለ። አንዴ ጎማው ገብቶ ያልቃል፤ አንዴ ክንፍ ይጋርደዋል፤ አንዴ እጁ ይንቀጠቀጣል። ዓመት ከምናምን ቆይቶ አገኛት፤ ግማሹ ታጥፎ ግማሹ ገና የተዘረጋ፣ እንደሚቀመጥ ወፍ እግር ያለ። ከይረዲን ፎቶውን ከማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሲያወጣው ከግድግዳው የራሱን ፍሬም አውርዶ የአምባውን ሰቀለበት።

በ2006 የእነ ማዳም ሥራ አልቆ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የውብዳር ሌላ ቤት ልትፈልግ ስትነሳ ሰብሪና አልፈቀደችም። «እኛ ጋ ሥሪ። ሙሽሮቹ ሴቶች ናቸው፤ ሴት ብታነሳቸው ይወዳሉ» አለች። እውነቷን ነበር። የውብዳር ቡላኦስ ፎቶ ቤት ገብታ ሠርግ፣ ልደትና የፓስፖርት ፎቶ የምታነሳ ሆነች። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣም መጀመሪያ የለመደችው እሷ ናት። ቤተ ዘመድ ሳይቀር «ፎቶ አንሺዋ» ይላት ጀመር፤ ኢትዮጵያም የራሷን ሠርግ በእሷ አስነሳች።

በመሀላቸው ቅያሜ የገባው በ2009 ነው። የውብዳር በአንድ ሐምሲን ቀን ያነሳችው ፎቶ ነበር። አውሮፕላኑ ከአቧራው ውስጥ ብቅ ሲል፣ ከሥሩ አንድ ዓሣ አጥማጅ እስከ ወገቡ ባሕር ውስጥ ቆሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ መረቡን ይፈታል። ከይረዲን ወዶት መስኮቱ ላይ አድርጎት ሳለ፣ አንድ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ሰው አይቶ ለቀን መቁጠሪያ ጠየቀው። ሰጠው። ቀን መቁጠሪያው ታትሞ ሲመጣ ከሥር የተጻፈው «ፎቶ ከይረዲን» ይላል።

«የፎቶ ቤቱ ስም እኮ ነው» አለ ከይረዲን፣ ፊቷ ሲለወጥ አይቶ።

«ሙሽሮቹን የማነሳው ለሥራ ነው፤ ያንተ ስም ይጻፍባቸው፣ ምንም አልልም» አለች። «ይሄን ያነሳሁት ግን አርብ ነው።»

ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ሰላምታም አልከለከለችውም። አርብ መሄድ ግን ተወች። አምባው ከመንገድ ሲመጣ ሁለቱ እንደ ጎረቤት መሥሪያ ቤት ሰው ብቻ ሲነጋገሩ አገኛቸው። ሁለቱንም ለየብቻ ሰማ። ለከይረዲን ያለው አጭር ነበር፦ «እኔ ጎማዬ ላይ ያንተ ስም ቢጻፍ መኪናዬን ባንተ ላይ ነበር የምነዳው።»

ከይረዲን ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለማንም አልተናገረም። የውብዳር ያወቀችው ሆዳን ሰፈር ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ገብታ ነው። ቀን መቁጠሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከታተመው ስም ጎን በጥቁር ቀለም፣ በከይረዲን የተንጋደደ የእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛና በፈረንሳይኛ «ያነሳችው የውብዳር» የሚል ተጨምሯል። ባለ መድኃኒት ቤቱን ጠየቀችው። «አንድ ቀጭን ሰውዬ መጥቶ እስክሪብቶ ለመነኝ» አላት። ሌላ ሱቅ ገባች፤ እዚያም አለ። ከይረዲን ከቢሮው የተረፉትን ለቃቅሞ፣ የተበተኑትን ደግሞ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ሲጽፍባቸው ከርሞ ነበር። በማግስቱ ፎቶ ቤት ስትገባ «አርብ ነፋሱ ከየት ነው?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ቀና ሳይል «ከባሕር» አለ። በዚሁ ታረቁ።

ዓመታቱ ሄዱ። አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ የአምባውም ወገብ በመንገዱ ተሰባብሮ ሐኪም መሪ እንዳይዝ ከለከለው። ልጁ ሊሊ አግብታ ናዝሬት ቤት ሠርታለች፤ «አባዬ ይብቃህ፣ ና» ትለዋለች። በ2017 ጠቅልሎ ሊገባ ወሰነ። ያን ሁሉ ዘመን አውሮፕላን ሲያነሳ የኖረው ሰው አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም ነበር። ጓደኞቹ ትኬት ቆረጡለት። እሱም ጎማው ሲታጠፍ ላየው እያለ ከክንፉ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ በግራ ያለውን ወንበር ለመነ። እነሱ ደግሞ ሲነሳ ከባሕሩ ዳር ሆነው ሊያነሱት ተስማሙ።

የግንቦት ጠዋት ነበር። የውብዳር፣ ከይረዲንና ሰብሪና ማልደው ጭቃው ዳር ቆሙ። ከይረዲን ብርሃኑን ወደደው፤ ይህ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው። ሰዓቱ ሲቃረብ ግን ሰብሪና ሻሿ ወደ ባሕሩ ሲውለበለብ አይታ «ነፋሱ እኮ ዞሯል» አለች። ቀና ብለው ተያዩ። ሐምሲን ቀኑን ሳይጠብቅ መጥቷል። ብዙም ሳይቆይ የሞተሩ ድምፅ በባሕሩ በኩል ካለው ጫፍ ተሰማና ከፍ አለ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷቸው በምዕራብ በኩል፣ በበረሃው ላይ ሄደ። ከይረዲን ካሜራውን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ሊያወርደው አልቻለም። የውብዳር ማልቀስ ጀምራ መሀል ላይ ሳቋ መጣ።

ከሰዓት በኋላ የየውብዳር ስልክ ጮኸ።

«ነበራችሁ?» አለ አምባው።

«ነበርን ጋሼ፤ አንተ ግን በወዲያ ሄድክ።»

«አውቄያለሁ! ሲዞር ነው የገባኝ። ሰው ሁሉ አጠገቤ ጸሎት ይዟል፤ እኔ ብቻ ነኝ የምስቀው። አስተናጋጇ ውሃ አመጣችልኝ፤ ያመመኝ መስሏት።»

«ጎማውን አየኸው?»

«ከውስጥ አይታይም እኮ የውቤ! ሆድ ውስጥ ሆነሽ እግር አያለሁ እንደማለት ነው። ይህን ቀድሞ ማን ነገረኝ?»

«ታዲያ ምን አነሳህ?»

«ምንም አላነሳሁም» አለ። «ካሜራውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መንገዱን አየሁት። ስንት ዓመት የነዳሁበት መንገድ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። እንዴት ቀጭን ነው መሰለሽ።»

በሚቀጥለው አርብ ከይረዲን አሞት ቤት ቀረ። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ሄዱ። ነፋሱ ወደ ልማዱ ተመልሶ ከባሕር ይነፍስ ነበር። ሰብሪና እንደወትሮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ቆየች። የሚነሳው አውሮፕላን ድምፅ ሲመጣ ግን ልብሷን አራግፋ ተነሳችና ወደ ካሜራው እጇን ዘረጋች።

«አምጪው እስቲ» አለች። «የቱ ጋ ነው የሚጫነው?»